የሽቦን ሙቀት ለሚከታተል ሴንሰር የትኛው ላስቲክ ይሻላል? ፒቪሲ፣ ጎማ ወይስ ሲሊኮን

ብሬከር የማያየው ሙቀት አለ። ሽቦ ከተርሚናሉ፣ ማለትም በብሎን ከሚታሰርበት መገናኛ፣ ላላ ሲል የሚፈጠረው ነው። ለምሳሌ የእንጀራ ምጣድ ከሆነ፣ የሚስበው ኮረንቲ ያው የድሮው ነው፣ አልጨመረም። ስለዚህ ብሬከሩ የሚወድቅበት ምክንያት የለውም። የላላው ቦታ ግን ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል፤ ሲላላ ደግሞ ይበልጥ ይግላል።

ሂሳቡን እንየው። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የላላው መገናኛ አንድ አስረኛ ኦም (ኦም ኮረንቲን የመከልከል መለኪያ ነው) ብቻ ቢይዝ፣ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 25 ዋት ገደማ ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኝ የሚሠራባትን ትንሽ መበየጃ ለኩሶ ሶኬት ውስጥ እንደመርሳት ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ላስቲኩ ሸትቶ የምናውቀው ከረፈደ በኋላ ነው።

ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ሆቴል፣ ወይም ብዙ ምጣድ የሚሠራበት እንጀራ ቤት ያለው ሰው የሙቀት ሴንሰር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሴንሰሩ ተርሚናሉ ወይም ኬብሉ ላይ ተለጥፎ ይውላል። ሙቀቱ ከተወሰነ በላይ ሲወጣ ይጮሃል ወይም ኮንታክተሩን፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚያበራና የሚያቋርጠውን ማብሪያ፣ ያጠፋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው ሲገዛ ነው። ሁሉም ሰው ስለ ሴንሰሩ ይጠይቃል፤ የሴንሰሩ ሽቦ ስለተሸፈነበት ላስቲክ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ላስቲኩ እንደ መጠቅለያ ይታያል። እኔ ግን የመለኪያው አንድ አካል ነው እላለሁ። ሙቀቱን የማይችል ላስቲክ የተሸፈነ ሴንሰር ዝም ብሎ አይበላሽም። መጀመሪያ መዋሸት ይጀምራል።

ላስቲኩ ሲደክም ምን ይሆናል?

የሴንሰር ሽቦ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን መዳቦች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። የሚለያያቸው ላስቲኩ ብቻ ነው። ላስቲክ ሲሞቅ ኮረንቲ የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ፒቪሲ ላይ ደግሞ ቅነሳው በብዙ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ስንጥቅና እርጥበት ሲጨመር፣ በሁለቱ መዳቦች መካከል ቀጭን የኮረንቲ መንገድ ይከፈታል። ውጤቱ እንደ ሴንሰሩ ዓይነት ይለያያል። ልዩነቱን ማወቅ የግድ ነው።

ፒቲ 100 የሚባለው ሴንሰር በዜሮ ዲግሪ 100 ኦም ነው። በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ይሆናል። ሙቀት ሲጨምር ኦሙም ይጨምራል። በላስቲኩ በኩል ኮረንቲ ሲያፈስ ግን ጠቅላላ ኦሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መለኪያው ከእውነቱ ያነሰ ሙቀት ያሳያል። በ100 ዲግሪ ላይ የሚያፈስበት መንገድ 10 ኪሎ ኦም ቢሆን ስህተቱ ወደ 5 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሲብስም ይጨምራል። ሽቦው እየጋለ መለኪያው «ሰላም ነው» ይላችኋል። ለደህንነት ሥራ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም።

ኤንቲሲ የሚባለው ተቃራኒ ነው። ሲሞቅ ኦሙ ይቀንሳል። ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም ናቸው። ላስቲኩ ሲያፈስ ከእውነቱ የበለጠ ሙቀት ያሳያል። ያለ ምክንያት ይጮሃል፣ ያሰለቻል፣ ግን ቢያንስ የሚሳሳተው በአስተማማኙ በኩል ነው።

ቴርሞካፕል ላይ የሚደርሰው የተለየ ነው። ቴርሞካፕል ማለት ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ላይ ተጣብቀው ሙቀትን ወደ ጥቂት ማይክሮ ቮልት የሚቀይሩበት ነው። ኬ የሚባለው ዓይነት በአንድ ዲግሪ 41 ማይክሮ ቮልት ገደማ ይሰጣል። መንገድ ላይ ላስቲኩ ቀልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ፣ የተነካኩበት ቦታ አዲስ ሴንሰር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የምታነቡት የጫፉን ሳይሆን የመሀሉን ሙቀት ነው። ቁጥሩ እውነተኛ ይመስላል። የቦታው ስህተት በዓይን አይታይም።

የሙቀት ጣሪያቸው

ለመደበኛ፣ ዓመት ለሚዘልቅ ሥራ መዳቡ ሊደርስበት የሚፈቀደው ሙቀት እንደ ላስቲኩ ይለያያል። የተፈጥሮ ጎማ 60 ዲግሪ ነው። የቤታችን ግድግዳ ውስጥ ያለው ተራ ፒቪሲ 70 ነው። ሙቀት እንዲችል የተሠራ ፒቪሲም አለ፣ 90 ይደርሳል። ኢፒአር እና ኢፒዲኤም የሚባሉት ሰው ሠራሽ ጎማዎች 90 ናቸው። ኤክስኤልፒኢ የሚባለው፣ ለትልልቅ የመሬት ኬብሎች የሚውለው ፕላስቲክም 90 ነው። ሲሊኮን ጎማ 180 ነው። ቴፍሎን እንደ ዓይነቱ 200 ወይም 260 ነው።

ሾርት ሲፈጠር ደግሞ ሌላ ጣሪያ አለ። ቢበዛ ለአምስት ሰከንድ ብቻ የሚፈቀድ ነው። ለተራ ፒቪሲ 160፣ ለኢፒአር እና ለኤክስኤልፒኢ 250፣ ለሲሊኮን 350 ዲግሪ ነው። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ሴንሰራችሁ የተለጠፈበት ትልቁ ኬብል ሲሊኮን ሆኖ የሴንሰሩ ሽቦ ፒቪሲ ከሆነ፣ ከአንድ ሾርት በኋላ ኬብሉ ተርፎ ሴንሰሩ ሊቀልጥ ይችላል። ስለዚህ የሴንሰሩ ላስቲክ ከሚለካው ኬብል ላስቲክ ያነሰ ጣሪያ አይኑረው። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ደንብ ይህ ነው።

ሌላም አለ። ላስቲክ በጣሪያው ላይ ብዙ አይኖርም። በኤሌክትሪክ ሥራ የቆየ ግምት አለ፦ ሙቀቱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ 70 የተጻፈበትን 70 ላይ አታውሉት። ቢያንስ 20 ዲግሪ ትርፍ ይኑራችሁ።

ሲሊኮን፦ ምርጫዬ ነው፣ ግን አመሉን እወቁ

ለተርሚናል፣ ለሶኬት ጀርባ እና ለምጣድ አካባቢ አንዱን ምረጥ ብባል ሲሊኮን እላለሁ። የሌሎቹ ጎማዎች ጀርባ አጥንት ካርቦን ሲሆን የሲሊኮን ግን የሲሊከንና የኦክስጅን ሰንሰለት ነው። ይህ ማያያዣ በሙቀት ቶሎ አይበጠስም። ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ድረስም እንደለሰለሰ ይቆያል። ፀሐይና ኦዞን አይሰነጥቁትም። ሲቃጠልም ነጭ አመድ ይተዋል። አመዱ ሲሊካ ነው፤ ኮረንቲ አያስተላልፍም። ሽቦውን የነካካው ከሌለ፣ ላስቲኩ አመድ ሆኖም ሁለቱን መዳቦች ለጊዜው ለያይቶ ሊያቆይ ይችላል። ፒቪሲ ሲቃጠል የሚተወው ከሰልና አሲድ ያለበት ጭስ ነው። ያ ጭስ ቀጥሎ ያሉትን ተርሚናሎችም ይበላል።

አሁን ወደ ድክመቱ። የሲሊኮን ሽቦ በእጃችሁ ያዙና በጥፍራችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጫሩት። ከዚያ ሳቡት። የተጫረበት ቦታ ተከፍቶ ይቀደዳል። ፒቪሲ እንዲህ በቀላሉ አይቀደድም። ስለዚህ ሲሊኮን በስለታማ ቆርቆሮ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ጎማ ቀለበት ማሳለፍ፣ ወይም በፕላስቲክ ማሰሪያ አንቆ ማሰር ትልቅ ጥፋት ነው። ላዩ ላይ የፋይበርግላስ ሹሩባ የተጎነጎነበት ሲሊኮን አለ። ትንሽ ይወደዳል፤ ሽቦው ከብረት ጋር የሚተሻሽ ከሆነ ግን እሱን ግዙ።

ሁለተኛው ድክመት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ሲሊኮን አየር የማያገኝበት ጥብቅ ቦታ ተዘግቶ ከ90 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ጥንካሬውን ያጣል። አምራቾች ራሳቸው ይህን ያስጠነቅቃሉ። «180 ይችላል» ብላችሁ በቱቦ ውስጥ አፍናችሁ፣ ሁለቱንም ጫፍ በማሸጊያ ዘግታችሁ ከምድጃ አጠገብ ብታስቀምጡት፣ ያ 180 የሚለው ቁጥር አይሠራም። ቱቦው ይተንፍስ።

ሦስተኛው እርጥበት ነው። ሲሊኮን ውሃን ፈሳሽ ሆኖ ሲመጣ ይመልሳል፤ የውሃ ተንን ግን ያሳልፋል። ከሌሎቹ ጎማዎች ይልቅ በጣም ክፍት ነው። ሌት ተቀን ጤዛ ውስጥ የሚኖር ሴንሰር በሲሊኮን ብቻ ከተሸፈነ፣ ከጊዜ በኋላ እርጥበቱ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ኃይለኛ እንፋሎት ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ በግፊት በሚሠራ ቦይለር ዙሪያ፣ ሰንሰለቱ ራሱ ይበጣጠሳል። ቤንዚን፣ ናፍጣና የሞተር ዘይትም ያሳብጡታል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ሴንሰሩን ለመለጠፍ ወይም ጫፉን ለማሸግ የመስኮት ሲሊኮን አትጠቀሙ። ከቱቦው ሲወጣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው እሱ ነው። ሽታው የአሴቲክ አሲድ ነው፤ እየደረቀ ሲሄድ አሲዱ መዳቡን ይበላል። ከወራት በኋላ ሽቦው አረንጓዴ ይዞ ታገኙታላችሁ። ሽታ የሌለው፣ «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበት ዓይነት አለ። ለኤሌክትሪክ ሥራ እሱ ነው።

ፒቪሲ እና ጥቁሩ ጎማ

ፒቪሲን አላጣጥለውም። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይገባውም፣ የትም ሱቅ አለ። ሴንሰሩ የሚለካው ነገር ከ50 ዲግሪ የማይዘል ከሆነ፣ ለምሳሌ የመጋዘን አየር ወይም የውሃ ታንከር፣ ከፒቪሲ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የሚያሳስበኝ የለጋ ላስቲኩ ልስላሴ ከየት እንደመጣ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ደረቅ ነው፤ የሚያለሰልሰው የተጨመረበት ዘይት መሰል ነገር ነው። ሙቀት ላይ ሲውል ያ ነገር ቀስ በቀስ ይወጣል። የቆየ የምጣድ ገመድ ስትነኩት እንደ እንጨት ደርቆ፣ ስታጥፉት ጠሽ ብሎ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ከሶኬቱ ርቆ ያለው ገመድ ደህና ሆኖ፣ ሶኬቱ አጠገብ ያለው አንድ ስንዝር ብቻ ከደረቀ፣ ሴንሰር ሳትገዙ መልሱን አግኝታችኋል። የላላው እዚያ ነው።

ጥቁሩ ጎማ ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉንም አንድ ያደርጋል፤ አንድ አይደለም። የተፈጥሮ ጎማ ዘይት ሲነካው ይበላሻል፣ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል፣ ጣሪያውም 60 ነው። ለሴንሰር አልመርጠውም። ኢፒዲኤም ፀሐይን፣ ውሃንና እንፋሎትን በደንብ ይችላል፤ የማሽን ዘይት ግን ጠላቱ ነው። ኒኦፕሪን ዘይትን የተሻለ ይችላል፣ መሬት ላይ መጎተትንም ይቋቋማል። የብየዳና የግንባታ ሥራ ገመዶች የውጭ ልባሳቸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በአጭሩ፣ ዘይት ካለ ኒኦፕሪን፣ ውሃና እንፋሎት ካለ ኢፒዲኤም።

ከ180 በላይ ሲሆን

ምጣድ ላይ ሊጥ የሚፈስበት ገጽ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይደርሳል። ከሸክላው ስር፣ ሽቦው የሚቀላበት ቦታ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። እዚያ ሲሊኮን አይገባም። ቴፍሎንም አይገባም። የፋይበርግላስ ልባስ ያለው ቴርሞካፕል ወይም በብረት ቱቦ የተዘጋ ነው የሚሆነው። ፋይበርግላስ እርጥበት ይመጥጣል፣ ሲታጠፍ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ ጋለ ያለውን አንድ ሁለት ስንዝር ብቻ ይሸፍን፣ ከዚያ ወዲያ በሲሊኮን ይቀጠል።

ቅጥያው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቴርሞካፕል በተራ የመዳብ ሽቦ አይቀጠልም። ከቀጠላችሁ መለኪያው የቅጥያውን ቦታ ሙቀት አያውቀውም፤ ቅጥያው ከመለኪያው በ30 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ፣ ንባቡ 30 ዲግሪ ያህል ያንሳል። ለኬ ዓይነት የራሱ ማራዘሚያ ሽቦ አለ። ቀለሙንም እዩ። በዓለም አቀፉ ደረጃ ኬ አረንጓዴ ሲሆን ነጩ ነጌቲቭ ነው። በአሜሪካው ደግሞ ቢጫና ቀይ ነው፤ ነጌቲቩም ቀዩ ነው። ቀይ ሁሌ ፖዘቲቭ ነው ብሎ የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይገለብጠዋል፣ ምጣዱ ሲግል መለኪያው ወደ ታች ይወርድበታል።

ፒቲ 100 በመዳብ ይቀጠላል፣ ግን ሽቦው ራሱ ኦም አለው። 0.22 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ 10 ሜትር ሲሄድና ሲመለስ 1.6 ኦም ገደማ ይጨምራል። ይህም ወደ 4 ዲግሪ ነው። ባለ ሦስት ሽቦውን ከገዛችሁ መለኪያው ይህን ራሱ ይቀንሰዋል። ከሁለት ሜትር በላይ ከሆነ ባለ ሁለቱን አትግዙ።

ራሱ ሙቀት የሚሰማ ላስቲክ

እስካሁን ያየነው ላስቲክ ሴንሰርን የሚሸፍን ነው። ላስቲኩ ራሱ ሴንሰር የሚሆንበት መንገድም አለ፤ ለረጅም ኬብል ከነጥብ ሴንሰር ይሻላል።

አንደኛው መስመራዊ የሙቀት ጠቋሚ ኬብል ነው። ውስጡ ሁለት የብረት ሽቦዎች ተወጥረው ተጠማዝዘዋል። በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ በተወሰነ ሙቀት እንዲለሰልስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በ68፣ በ88፣ በ105 እና በ180 ዲግሪ የሚሠሩ አሉ። ሙቀቱ ሲደርስ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ የተወጠሩት ሽቦዎች ይነካካሉ፣ ማንቂያው ይጮሃል። በኬብሉ ርዝመት የትም ቦታ ቢግል ያውቃል። የኬብል ቦይ፣ የጣሪያ ውስጥ ሽቦ፣ ረጅም መጋዘን ላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው፦ ዲግሪውን አይነግራችሁም፣ ደረሰ ወይም አልደረሰ ብቻ ነው የሚለው። ደግሞም አንዴ ከሠራ ያ ቁራጭ ተቆርጦ በአዲስ ይተካል።

የዲግሪው ምርጫ ላይ አየሩን አስቡ። በአዲስ አበባ በጥላ ስር 68ቱ ይበቃል። አፋር ወይም ጋምቤላ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ከሆነ ግን እኩለ ቀን ላይ ጣሪያው ራሱ ይፋጃል። እዚያ 88 ወይም 105 ይሻላል። ዝቅተኛውን ከመረጣችሁ ፀሐይ ብቻዋን ልታስጮኸው፣ ወይም ፕላስቲኩን ቀስ በቀስ ልታደክመው ትችላለች።

ሁለተኛው የካርቦን ዱቄት የተቀላቀለበት ፖሊመር ነው። ሲቀዘቅዝ የካርቦኑ ቅንጣቶች ስለሚነካኩ ኮረንቲ ያልፋል። ሲሞቅ ላስቲኩ ስለሚሰፋ ቅንጣቶቹ ይራራቃሉ፣ ኦሙም በድንገት ይዘላል። ራሳቸውን የሚቆጣጠሩ የማሞቂያ ኬብሎች የሚሠሩት በዚህ ነው፤ በጣም ሲሞቁ ራሳቸው ኮረንቲ ይቀንሳሉ። እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ግሩም ነው። እንደ ቴርሞሜትር ግን አላምነውም። ሞቆ ሲቀዘቅዝ ወደነበረበት ኦም በትክክል አይመለስም፤ በመታጠፍም ይቀየራል። ዲግሪ ማንበብ ከፈለጋችሁ ይህን አትግዙ።

ሦስተኛው ቀለም የሚቀይረው ነው። ተርሚናል ላይ የሚለጠፍ ምልክት ሲሆን የተጻፈበት ዲግሪ ሲደርስ ይጠቁራል፣ ተመልሶም አይነጣም። ኤሌክትሪክም ሽቦም አያስፈልገውም። ማታ ማንም ሳያይ የጋለ ተርሚናል ጠዋት ላይ ማስረጃውን ይዞ ይጠብቃችኋል። አቅም ለሌለው ሱቅ ወይም ዳቦ ቤት መጀመሪያ የምመክረው ይህን ነው። የሚመለሰው ዓይነት፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ ቀለሙ የሚመለሰው፣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ለዚህ ሥራም አይሆንም፣ ምክንያቱም ማስረጃውን ያጠፋል።

እንግዲህ ለየትኛው ቦታ የቱ?

ለምጣድ ሶኬትና ለመገናኛ ሳጥን፦ ኤንቲሲ በሲሊኮን ሽቦ፣ ጫፉ በብሎን የሚታሰር ቀለበት ያለው። ቀለበቱ የተርሚናሉን ሙቀት በቀጥታ ይወስዳል። ከላስቲክ በላይ የተለጠፈ ሴንሰር ግን የመዳቡን ሙቀት አያሳይም፤ ላስቲክ ሁሉ፣ ፒቪሲም ይሁን ሲሊኮን፣ ሙቀት አስተላላፊነቱ ደካማ ነው። መዳቡ 90 ሲሆን ላዩ ብዙ ዲግሪ ሊያንስ ይችላል። ላዩ ላይ መለጠፍ የግድ ከሆነ፣ በሴንሰሩና በኬብሉ መካከል ሙቀት የሚያስተላልፍ የሲሊኮን ፓድ አድርጉ፣ ከላይ ሸፍኑት፣ ማንቂያውንም ዝቅ አድርጉ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ተርሚናሉ ላይ 220 ቮልት አለ። ቀጭን የሴንሰር ሽቦ ብዙውን ጊዜ ለዚህ ቮልት አልተሠራም። ላስቲኩ ላይ 300/500 ቮልት የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፣ ቀለበቱ ከሴንሰሩ በሽፋን የተለየ መሆኑን አረጋግጡ። ኮረንቲው ጠፍቶ፣ በቴስተር ተረጋግጦ፣ ሥራውን በሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይታሰር።

ለወፍጮ ቤት ሞተር፦ ብዙ ሞተሮች ጥቅላቸው ውስጥ ከፋብሪካ የገባ ፒቲሲ (ሲግል ኦሙ በድንገት የሚዘል ሴንሰር) አላቸው፤ ሁለቱ ጫፎቹ መገናኛ ሳጥኑ ውስጥ ሳይታሰሩ ተኝተው ይገኛሉ። አዲስ ከመግዛት በፊት እሱን ፈልጉ። ከሳጥኑ ወደ ፓነሉ የሚሄደው ሽቦ ግሪስና ዱቄት ስለሚያገኘው በኒኦፕሪን ይሸፈን።

ለአበባና ለአትክልት ማቀዝቀዣ ክፍል፦ ሙቀቱ ትንሽ ነው፣ ጤዛው ብዙ ነው። ሲሊኮን እዚህ አይበልጥም። ጫፉ በአንድ ላይ ቀልጦ የታሸገ፣ ኢፒዲኤም ወይም ጥሩ ፒቪሲ ያለው ይሻላል። ክፍሉ ከዜሮ በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ፒቪሲ ስለሚደርቅ ተውት።

ሱቅ ላይ፣ ከዚያም ቤት

መርካቶ ውስጥ «ሲሊኮን ነው» የተባለው ሁሉ ሲሊኮን አይደለም። ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ጠይቁና ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ ፊታችሁን ራቅ አድርጋችሁ ለኩሷት። ሲሊኮን ነጭ ጭስ አውጥቶ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ፒቪሲ ጥቁር ጭስና አፍንጫ የሚወጋ ሽታ አለው፣ እሳቱን ስታነሱለት ይጠፋል። የተፈጥሮ ጎማ የመኪና ጎማ ይሸታል። ኤክስኤልፒኢ እንደ ሻማ ይሸታል። በጋለ መዳብ ነክታችሁት መዳቡን ወደ እሳት ስትመልሱ አረንጓዴ ነበልባል ከታየ ክሎሪን አለው ማለት ነው፤ ፒቪሲ ወይም ኒኦፕሪን ነው፣ ሲሊኮን አይደለም።

ሴንሰሩን ከማሰራችሁ በፊት በሁለት ነገር ፈትኑት። በረዶ በሞላበት ውሃ ውስጥ አማስላችሁ ስታስገቡት ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቱት። አዲስ አበባ ላይ 100 አትጠብቁ። ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳር 94፣ ድሬዳዋ 96 አካባቢ ነው። ፒቲ 100 በ92 ዲግሪ 135.5 ኦም ያህል ያሳያል። ይህን ሳያውቅ ደህናውን ሴንሰር «8 ዲግሪ ይስታል» ብሎ በማስተካከያው የሚያበላሽ ሰው አለ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያነበው ሁሉ ስህተት ነው።

የመጨረሻው ፈተና የላስቲኩ ነው። ባልዲ ሙቅ ውሃ ውስጥ አንድ እፍኝ ጨው አሟሙ። የሴንሰሩ ሁለቱ የመለኪያ ጫፎች ከውሃው ውጭ ሆነው፣ ሽቦው በሙሉ ባልዲው ውስጥ ለአንድ ሰዓት ይተኛ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ትልቁ የኦም መለኪያ አዙሩ። አንዱን ዘንግ ጨው ውሃው ውስጥ፣ ሌላውን በሽቦው የመዳብ ጫፍ ላይ አድርጉ። ቴስተሩ ምንም ማንበብ የለበትም። ቁጥር ካሳየ፣ ትልቅም ቢሆን፣ ላስቲኩ የሆነ ቦታ ተጭሯል። ሽቦውን ቀስ በቀስ ከውሃው እያወጣችሁ ቴስተሩን ተመልከቱ፤ ቁጥሩ የጠፋበት ቦታ የተጫረበት ቦታ ነው። ሽቦውን እዚያ ጋ ከመጠቅለል ይልቅ ወደ ሱቁ መልሱት።